ሴል ሁሉ ከሴል ከመጣ፣ የመጀመሪያው ሴል ከየት መጣ?

ጥያቄው ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ9ኛ ክፍል ልጄን ባዮሎጂ ሳስጠናት የሴል ቲዎሪ ላይ ደረስን። ሦስት ነጥብ አለው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ሴሎች የተሠራ ነው። ሴል የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው። ሴል ሁሉ ቀድሞ ከነበረ ሴል ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ልጄ ደብተሯን ዘጋችና ‹እና የመጀመሪያው ከየት መጣ?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቲዎሪው እርስ በርሱ ይጋጫል ማለት ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅዎን በርቺ ይበሉልኝ። ይህን የጠየቀ ሰው ነጥቦቹን ሸምድዶ አላለፋቸውም፤ አስቦባቸዋል። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሦስቱን ነጥብ ሳይሳሳቱ የሚጽፉልኝ ተማሪዎች ሞልተዋል። ሦስተኛው ላይ እጁን አውጥቶ «ቆይ እንጂ መምህር» የሚለኝ ግን ከክፍሉ አንድ ቢገኝ ነው።

አጭሩ መልስ፦ አይጋጭም። ሦስተኛው ነጥብ የሚናገረው ዛሬ ባለው ዓለም አዲስ ሴል እንዴት እንደሚገኝ ነው። ሕይወት ሀ ብላ እንዴት እንደጀመረች አይናገርም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለምን እንደሚለያዩ የሚገባው ግን ነጥቦቹ ከየት እንደመጡ ሲታወቅ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር። በአማርኛ መጻሕፍት ሴል «ህዋስ» ይባላል። ችግሩ፣ ይኸው ቃል «አምስቱ የስሜት ህዋሳት» ስንልም ያገለግላል። ዓይንና ጆሮ ደግሞ ሴል አይደሉም። እያንዳንዳቸው እጅግ ብዙ ሴሎች ተደራጅተው የሠሯቸው አካላት ናቸው። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ተምረው የመጡ ልጆች እዚህ ላይ ሲደናገሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጅዎም ተደናግራ ከሆነ ጥፋቱ የቃሉ ነው። እኔ እዚህ «ሴል» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስሙን ያወጣው ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ቡሽ፣ ያ የጠርሙስ መክደኛ የምናውቀው፣ በስለት አሳስቶ ቆረጠና በማይክሮስኮፕ አየው። የማር እንጀራ የመሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች ታዩት። ይህን በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ጻፈ። በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ቡሽ ውስጥ ከ1,200 ሚሊዮን በላይ ክፍሎች እንዳሉም አሰላ። ግን ልብ ይበሉ። ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት ነው። ሁክ ያየው ግድግዳውን ብቻ ነበር። ነዋሪው የወጣበትን ባዶ ቤት አይቶ ነው ስም ያወጣለት። በሕይወት ያሉትን ያየው ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ጨርቅ ይነግድ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ነው። በገዛ እጁ በሞረዳት አንዲት ጠብታ የምታክል ሌንስ የሐይቅ ውሃ ሲያይ፣ ውሃው ውስጥ የሚሯሯጡ ፍጥረታት አገኘ። ይህ በ1670ዎቹ ነው።

እኔ በመጀመሪያ ያየሁት ሽንኩርት ነው። ተማሪ ሆኜ አሥር ሰው በአንድ ማይክሮስኮፕ ተሰልፈን። ቀይ ሽንኩርት ሲሰነጠቅ በሁለቱ ንብርብር መሐል የምትገኝ ስስ ሽፋን አለች። በጥፍር ሲይዟት እንደ እርጥብ ላስቲክ ተልጣ ትመጣለች። በመስታወት ላይ ዘርግቶ አንድ ጠብታ አዮዲን ማድረግ ነው። ወረፋዬ ደርሶ ዓይኔን ሳስጠጋ መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር። ማስተካከያውን ቀስ ብዬ ሳዞረው ድንገት ጠራ። በሥርዓት የተደረደረ የጡብ ግንብ። እያንዳንዱ ጡብ ውስጥ ደግሞ ቡናማ ነጥብ። ነጥቡ ኒውክለስ ነው፤ በአማርኛ አስኳል የምንለው። ከኋላዬ ያሉት «በቃህ» እያሉ ሲገፉኝ መነሳት አቃተኝ። ወጥ ውስጥ ስናቁላላው የኖርነው ሽንኩርት እንዲህ የተሠራ ነው ብሎ ማን ገመተ? የልጅዎ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ካለው፣ ይህን ሳታይ ምዕራፉ እንዳያልፋት አደራ።

የመጀመሪያው ነጥብ ማለት ይኸው ነው። ሽንኩርቱም፣ ቡሹም፣ ጉንጭዎ ውስጥ በእንጨት ቢፋቅ የሚወጣውም ነገር ሴል ነው። የአንድ ሰው ሰውነት ወደ 30 ትሪሊዮን በሚጠጉ ሴሎች እንደተሠራ ይገመታል። ከአምስቱ አራቱ ያህል ቀይ የደም ሴሎች ናቸው።

ሁለተኛው ነጥብ «አሃድ» በሚለው ቃል ምክንያት ደረቅ ይመስላል። ግን ወባን ያስቡ። የወባ ተውሳክ ራሱ አንድ ሴል ነው። ትንኟ ስትነድፍ ገብቶ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይራባል። ከዚያ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባል። አንድ ሴል ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ ይበላል፣ ይከፋፈላል፣ በመጨረሻም ያፈነዳዋል። በኛ አገር በብዛት የሚታዩት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ይህን ዑደት በ48 ሰዓት ገደማ ይጨርሳሉ። ሴሎቹ አንድ ላይ ሲፈነዱ ነው ሰውየውን ብርድ ብርድ የሚለው፣ ትኩሳቱ የሚነሳው። በሽተኛው «አመመኝ» የሚለው ሙሉ ሰው ሆኖ ነው። ነገሩ የሚካሄደው ግን ሴል ውስጥ ነው። ላብራቶሪም ከጣት አንዲት ጠብታ ደም ወስደው የሚፈልጉት ሴል ውስጥ የተቀመጠውን ሴል ነው። ሴል የሕይወት አሃድ ነው ሲባል መብላት፣ መተንፈስ፣ ማደግ፣ መታመም ሁሉ መጨረሻው ሴል ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ከሴል በታች ሲወረድ ክፍሎች አሉ። ክፍሎቹ ለብቻቸው ተነጥለው ግን አይኖሩም።

አሁን ወደ ልጅዎ ጥያቄ፣ ወደ ሦስተኛው እንምጣ።

መማሪያ መጻሕፍት «የሴል ቲዎሪን ያቀረቡት ሽላይደን፣ ሽዋንና ቪርቾው ናቸው» ብለው ያልፋሉ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተስማምተው የፈረሙ ያስመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ማቲያስ ሽላይደን ጠበቃ የነበረ፣ በኋላ ወደ ዕፀዋት ጥናት የዞረ ጀርመናዊ ነው። በ1838 ዕፀዋት ሁሉ ከሴል የተሠሩ ናቸው አለ። ቴዎዶር ሽዋን ደግሞ የእንስሳትን አካል ያጠና ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ማዕድ ላይ ተገናኙ። ሽላይደን በዕፀዋት ሴል ውስጥ ስላለው ኒውክለስ ሲያጫውተው፣ ሽዋን ያንኑ ነገር በእንስሳት ጽንስ ውስጥ ማየቱ ትዝ አለው። ተያይዘው ወደ ሽዋን ላብራቶሪ ሄዱና አመሳከሩ። በ1839 ሽዋን እንስሳትም እንደ ዕፀዋት ከሴል የተሠሩ ናቸው ብሎ አሳተመ። ዛፍና በሬ በአንድ ሕግ ሥር ገቡ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ግን ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ይህን ለተማሪ የሚነግረው መምህር ጥቂት መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። አዲስ ሴል እንዴት ይገኛል ሲባሉ የሰጡት መልስ «ከፈሳሽ ረግቶ ይወጣል» የሚል ነው። አፍዴራ ላይ ውሃው ሲተን ጨው እንደሚረጋው ማለት ነው። ሽላይደን ይህ የሚሆነው አሮጌው ሴል ውስጥ ነው አለ። ሽዋን ደግሞ ከሴል ውጭ ባለው ፈሳሽም ይሆናል አለ። የሴል ቲዎሪ አባቶች የምንላቸው ሰዎች፣ ሴል ሁሉ ከሴል ይመጣል ብለው አያምኑም ነበር።

ያረማቸው ሮበርት ሬማክ ነው። ስሙ በአብዛኛው መማሪያ መጽሐፍ ላይ የለም። ሬማክ ፖዝናን የተወለደ፣ በርሊን የሠራ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ፣ በርሊን ዋና ከተማዋ በነበረችው የጀርመን መንግሥት፣ አይሁዳዊ ሆኖ ሙሉ ፕሮፌሰር መሆን አይቻልም ነበርና እስኪሞት ያን ማዕረግ አላገኘም። እሱ የእንቁራሪት ዕንቁላል ይዞ ተቀመጠ። የእንቁራሪት ዕንቁላል አንድ ሴል ነው። ሲጸነስ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ሬማክ ዕንቁላሎቹን በኬሚካል እያጠነከረ የእያንዳንዱን ሴል ሽፋን ተከታተለ። ከፈሳሽ ረግቶ የሚወጣ አንድም አላገኘም። ሁሉም ከነበረው ሴል ተከፍሎ የወጣ ነው። በ1852 ይህን አሳተመ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1855፣ ሩዶልፍ ቪርቾው ሐሳቡን በላቲን በአንዲት አጭር ሐረግ አሰፈረው፦ «ሴል ሁሉ ከሴል»። ሐረጉን ከእሱ በፊት ራስፓይ የተባለ ፈረንሳዊ በ1825 ተጠቅሞበታል። ቪርቾው ታላቅ ሐኪም ነው። በሽታን ከሴል ጋር ማገናኘትን ለሕክምና ያስተማረ ሰው ነው፤ ዛሬ ካንሰርን የራሳችን ሴል ያለ ልክ መከፋፈሉ ነው ብለን የምንረዳው ከዚያ ተነስተን ነው። ለሬማክ ተገቢውን ዕውቅና ባለመስጠቱ ግን እስከ ዛሬ ይወቀሳል። ወቀሳው ተገቢ ነው እላለሁ። ልጅዎ ደብተሯ ላይ ከሦስቱ ስሞች ጎን «ሬማክ» ብላ ብትጨምር ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለምን መሰለዎት? ሦስተኛው ነጥብ ከሰማይ የወረደ አዋጅ እንዳልሆነ እንዲታይ ነው። አንድ ሰው «አዲስ ሴል ዛሬ እንዴት ይገኛል?» ብሎ ጠይቆ፣ ዓይኑን ተክሎ ተመልክቶ ያገኘው መልስ ነው። ጥያቄው ስለ ዛሬ ነበር። መልሱም ስለ ዛሬ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ክርክር ነበር። ሕይወት ከበሰበሰ ነገር በራሷ ትፈልቃለች ይባል ነበር። ሥጋ ሲበሰብስ ትል ያፈራል፣ ሾርባ ሲቀመጥ ይሻግታል፤ ስለዚህ ትሉም ሻጋታውም ከዚያው ተፈጠረ። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1859 ገደማ በጀመረው ሙከራ፣ አንገቱ እንደ ወፍ አንገት የተጣመመ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሾርባ አፈላ። አየር እንደልቡ ይገባል። አቧራው ግን ጥምዙ ላይ ይቀራል። ሾርባው ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱን ሲሰብረው ግን ተበላሸ። የሚያበላሸው አየሩ ሳይሆን አቧራው ተሸክሞት የሚመጣው ሕያው ሴል ነው ማለት ነው።

ይህን ለማየት ግን ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። ጓዳ ይግቡ። ጤፍ ሲቦካ፣ ካለፈው ሊጥ ላይ ያጠለለውን ቢጫማ ፈሳሽ እርሾ ብለን እንጨምርበታለን። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሊጡ አረፋ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ኩፍ ይላል። እርሾ ውስጥ ያሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕያው ሴሎች ናቸው፤ አንድ ሴል ሆነው የሚኖሩ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች። ዱቄቱን በልተው ተከፋፈሉ። እርሾ ካለቀ ምን ይደረጋል? ጎረቤት ይኬዳል። የጎረቤት እርሾ ደግሞ ከሷ ካለፈው ሊጥ፣ ያ ደግሞ ከዚያ ካለፈው የመጣ ነው። እናቶቻችን ቪርቾውን ሳያነቡ «እርሾ ከእርሾ ነው» ብለው ኖረዋል።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። «ያለ እርሾም ቢቆይ ይቦካል እኮ!» እውነት ነው፤ ይዘገያል እንጂ ይቦካል። እና ከየት መጣ? ልክ የፓስተር ዘመን ሰዎች የተጣሉበት ጥያቄ ነው። ዱቄቱ ላይ ነበር። ጤፉ ከማሳ ሲመጣ ሴሎቹን ይዞ ነው የመጣው። ቡሃቃውም ላይ ነበር፤ ቡሃቃ እንደ ሌላ ዕቃ በሳሙና ታሽቶ የማይታጠበው ያለ ነገር አይደለም። «በራሱ ቦካ» የምንለው ሁሉ፣ ቀርበን ስናየው ቀድሞ የነበረ ሴል የሠራው ሥራ ነው።

አሁን ወደ እርስዎና ወደ ልጅዎ ልምጣ። ልጅዎ አንድ ጊዜ አንድ ሴል ነበረች። ያ ሴል ከእርስዎ ዕንቁላልና ከአባቷ ዘር የተገኘ ነው። ዕንቁላሉስ መቼ ተሠራ? ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ለዕንቁላል የሚሆኑ ሴሎች ይዛ ትወለዳለች። የሚሠሩት ገና በማህፀን እያለች ነው። ስለዚህ ልጅዎን ያስገኘው ሴል እርስዎ በእናትዎ ማህፀን ሳሉ እዚያው ነበር። እናትዎ እርስዎን ሲያረግዙ የልጅ ልጃቸውን ግማሽም ተሸክመው ነበር ማለት ነው። ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ይሳቡት። ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እያለ ይሄዳል። አንድም ቦታ ላይ አልተበጠሰም። አንድ ጊዜ ቢበጠስ ኖሮ እርስዎም ልጅዎም ባልኖራችሁ።

ልጅዎ የጠየቀችው የዚህን ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነው።

ምድር ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ የሚባል ቦታ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በንብርብር የሠሯቸው ዐለቶች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ 3.5 ቢሊዮን ዓመት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴል ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ተገኝቷል። ያ ምድር የዛሬዋ አይደለችም። አየሩ ውስጥ የምንተነፍሰው ኦክስጅን አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሳይንስ ይህን ቀለበት የሚፈልገው በቁርጥራጭ ነው። በ1953 ስታንሊ ሚለር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ተመራማሪ ሙከራውን አሳተመ። ውሃ፣ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን በመስታወት ዕቃ ዘግቶ የመብረቅ ምሳሌ የሆነ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሳበት። ከቀናት በኋላ አሚኖ አሲዶች አገኘ፤ የፕሮቲን ጡቦች ናቸው። በ1969 አውስትራሊያ ውስጥ ሙርቺሰን በተባለች ከተማ አጠገብ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ ውስጥም አሚኖ አሲድ ተገኝቷል። ስለዚህ ጡቦቹ ያለ ሴል ሊሠሩ ይችላሉ። ቅባት አሲዶች ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ማንም ሳያዛቸው ተጠቅልለው ባዶ ከረጢት ይሆናሉ። የሳሙና ዘመዶች ናቸው። የሴል ሽፋን የሚሠራውም በዚሁ መንገድ፣ ቅባት ከውሃ በመሸሹ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አርኤንኤ የተባለው የዲኤንኤ ዘመድ የዘር መልእክት መያዝ ብቻ ሳይሆን እንደ ኢንዛይም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራን እንደሚያፋጥን ነገር፣ መሥራትም እንደሚችል ታወቀ። ከረጢቱም፣ ጡቡም፣ መልእክቱም ለየብቻ አለ። እነዚህን አገጣጥሞ ከምንም ተነስቶ ሕያው ሴል የሠራ ላብራቶሪ ግን እስካሁን የለም።

«ያኔ ከሆነ ዛሬስ ለምን አይሆንም?» ልጅዎ ይህን ማስከተሏ አይቀርም። ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የምወደው የዳርዊንን ነው። በ1871 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ሞቅ ያለ ትንሽ ኩሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢጀመር እንኳ ዛሬ ያሉት ፍጥረታት ወዲያው ይበሉታል፤ ሕይወት ከመጀመሯ በፊት ግን የሚበላው አልነበረም አለ። ክፍት ትተው ያደሩትን ሾርባ ያስቡ። ዛሬ በምድር ላይ ምግብ የሆነ ነገር ሁሉ በላተኛ አለው። አየሩ ውስጥ የሞላው ኦክስጅንም እንዲህ ያሉ ስስ ነገሮችን ያቃጥላል። በሩ የተዘጋው በራሳቸው በሴሎች ነው።

እኛ አገር ይህን ጥያቄ በአካል የሚያሳይ ቦታ አለ፤ ዳሎል። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹን በፎቶ አይተዋቸው ይሆናል። ውሃው የፈላ፣ ጨው የጠገበ፣ ከባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ኮምጣጣ ነው። በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር ሴል የለም ብሎ አሳተመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ሴሎች አሉ ብሎ አሳትሟል። እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ቡድን የጻፈው አንድ ነገር ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ክብ ክብ፣ ሴል የሚመስሉ ነገሮች አገኙ። ሲመረምሯቸው ከፊሎቹ ማዕድን ሆነው ተገኙ። ሴል መምሰልና ሴል መሆን ይለያያል። ሴል ይበላል፣ ራሱን ይጠግናል፣ ይከፈላል። ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ በቆየ ዐለት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሴሎች መፈለግ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ዛሬም ምን ያህል እንደጸና የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 አሜሪካዊው ተመራማሪ ክሬግ ቬንተርና ባልደረቦቹ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊደል ያለው የባክቴሪያ ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መልእክቱ የተጻፈበትን ነገር፣ በሙሉ ከኬሚካል ሠሩ። ፍየልን የሚያጠቃ የባክቴሪያ ዝርያ ነው። ጋዜጦች «ሰው ሕይወትን ፈጠረ» ብለው ጻፉ። ግን የሠሩትን ዲኤንኤ የት አስገቡት? ቀድሞ የነበረ፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሕያው ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ሽፋኑን፣ ውስጡ ያለውን ፈሳሽና ፕሮቲን የሚሠራውን ክፍል ሁሉ ከነበረው ሴል ነው የተበደሩት። መጽሐፉን አዲስ ጻፉት፤ የሚያነበው ግን የነበረው ሴል ነው።

ልጅዎ ቀጥላ ስለ ቫይረስ ትጠይቅዎት ይሆናል። ቫይረስ ሴል አይደለም። አይበላም፣ አይከፈልም። ሴል ውስጥ ገብቶ ሴሉን ራሱ እንዲያመርተው ያደርጋል። በ1935 የትምባሆ ተክል ቫይረስን እንደ ጨው ክሪስታል አድርገው አግኝተውታል፤ ተክል ላይ ሲቀቡት ግን መልሶ ያሳምመዋል። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ሲጎለምስ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል። ስለዚህ አይከፈልም፤ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይሞታል። እሱም ግን ከሴል የመጣ ነው። መቅኔ ውስጥ ያሉ እናት ሴሎች በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ያመርታሉ።

ለፈተና ይህን ትያዝ። «የሴል ቲዎሪን ሦስት ነጥቦች ጻፊ» ከተባለች ሦስቱን እንዳሉ ትጻፍ፤ ነጥብ አይቀነስባትም። የማብራሪያ ጥያቄ ከመጣ ግን «ሦስተኛው ነጥብ አሁን ባለው ዓለም ሴል የሚገኝበትን መንገድ ይገልጻል፤ የሕይወት አጀማመር ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ነው» ብላ ትጨምር። «ቲዎሪ» የሚለው ቃልም እንዳያሳስታት። መንገድ ላይ «ቲዎሪ ብቻ ነው» ስንል ያልተረጋገጠ ወሬ ማለታችን ነው። ሳይንስ ውስጥ ብዙ ፈተና ያለፈ ማብራሪያ ማለት ነው።

ከፈተናው በፊት ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ትሞክር። ሁለት ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ከነክዳናቸው ታዘጋጅ። በአንደኛው የጤፍ ዱቄት በውሃ ትበጥብጥ፣ እርሾ ሳትጨምር። ለሁለተኛው ያንኑ ብጥብጥ እርስዎ አብረዋት ሆነው በደንብ ያፍሉላት። ማሰሮውንና ክዳኑንም አፍልተው፣ ትኩሱን ገልብጠው ወዲያው ይክደኑት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠዋትና ማታ ትይ፣ ያየችውን ትጻፍ። ያልፈላውን ክዳን ላላ ታድርገው፤ ጋዝ ያወጣል። ማናቸውንም እንዳትቀምስ። ያልፈላው ቀድሞ አረፋ ይይዛል። የፈላውም ብዙ ቀን ከቆየ ሊበላሽ ይችላል። ከተበላሸ ሙከራው ከሸፈ ብላ እንዳትደፋው። ፈልተው የማይሞቱ የባክቴሪያ ስፖሮች አሉ፤ ባክቴሪያው ክፉ ጊዜን ተኝቶ የሚያልፍባቸው ጠንካራ ቅርጾች ናቸው፤ የፓስተርን ተከራካሪዎች ለዓመታት ያሳሳቷቸው እነሱ ናቸው። የስንተኛው ቀን ላይ እንደተበላሸ ትመዝግብና ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ደግሞ ስለ ስፖር እናወራለን።